የመሥሪያ ቤት ሰው በበዓሉ ግርማ ድርሰቶች

የሰውን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ሰውየው ሥልጣን ሲለምን አይመልከተው፤ ሥልጣን ካገኘ በኋላ ይመልከተው። ለማኝ ሁሉ ትሑት ነው፤ ደጅ ጠኚ ሁሉ ታጋሽ ነው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚያሳየው ፊት ግን የራሱ ፊት ነው። ይህም እውነት ከሌላው ስፍራ ሁሉ ይልቅ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በአንድ ጣሪያ ሥር በቀን ስምንት ሰዓት አብረው የሚውሉ ሰዎች ከቤተ ሰቦቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ዳሩ ግን መተያየት መተዋወቅ አይደለም። አንዱ የባልደረባውን ዕድገት ይቈጥራል፤ ሌላው በአጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ስሕተት በልቡ ይመዘግባል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአለቃውን እርምጃ እያዳመጠ ማመልከቻውን ዛሬ ያስገባ እንደ ሆነ ወይም ለነገ ያቈየው እንደ ሆነ ያሰላስላል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ የሚያስፈልገውን ጥበብ የዘመኑ ሊቃውንት የስሜት ብልኅነት ብለው ሰይመውታል። በ1990 እ.ኤ.አ. ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን ሐሳቡን በጥናት መልክ አቀረቡት፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳንኤል ጎልማን በጻፉት መጽሐፍ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ በየመሥሪያ ቤቱና በየኩባንያው የሚነገር ሆነ። ትርጕሙ ባጭሩ ሲገለጽ እንደሚከተለው ነው። ሰው አስቀድሞ የራሱን ስሜት ለይቶ ያውቃል፤ ሁለተኛ ያወቀውን ስሜት ይገዛል፤ ሦስተኛ የሌላውን ሰው ስሜት ይረዳል፤ አራተኛ በዚህ ሁሉ ዕውቀት ተመርቶ ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት ያቀናል።

ይህ ትምህርት ወደ አገራችንም ገብቶ በሥልጠና መልክ ለሠራተኞች ሲሰጥ እናያለን። መልካም ነው። ነገር ግን ሥልጠናው ከመቀጠሉ በፊት አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል፤ ይኸውም ከአራቱ ክፍሎች መካከል ለእኛ የጐደለን የትኛው ነው? የሚል ነው።

እኛ በምንኖርበት በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ቱሉ ዲምቱ የተባለ ሰፈር አለ። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። መንግሥት ባሠራቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ የወጣላቸው ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ሰፍረውበታል፤ ብዙዎቹም ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በአውቶቡስ ወደ መካከለኛው ከተማ ይጓዛሉ። በዚያ ረጅም መንገድ የሚሰማውን ጨዋታ ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው፣ ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ የሚነሣው የመሥሪያ ቤት ነገር ነው፤ ከመሥሪያ ቤትም ነገር ከሥራው ይልቅ የአለቃው ሁኔታ ነው። «ዛሬ እንዴት ናቸው?» ተብላ የማትጠየቅ የአለቃ ጸሐፊ ያለች አይመስለንም። እርስዋም ወደ በሩ ገልመጥ ብላ «ዛሬስ ባትገባ ይሻልሃል» ስትል፣ በዚያች አጭር መልስ ውስጥ የአንድን ሰው የቊጣ ሰዓት፣ የቤቱን ኀዘን፣ ከበላዮቹ የደረሰበትን ተግሣጽ ሁሉ አጠቃልላ ትናገራለች።

እንግዲህ የሌላውን ስሜት መረዳት ጐድሎናል ብሎ የሚነሣ ሰው ቢኖር ነገሩን አልመረመረውም እንለዋለን። ይህስ ሞልቶ የተረፈን ዕውቀት ነው። ችግሩ ዕውቀቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሁሉም ወደ ላይ ያነብባል፤ ወደ ታች የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። የበታቹ የበላዩን ፊት እንደ ዳዊት ሲደግመው ይኖራል፤ የበላዩ ግን የበታቹን ስም እንኳ የሚያስታውሰው ሲያጠፋ ነው።

ይህ ልማድ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የሹመቱ ስም አዲስ ነበረ፤ ወደ ሹመቱ የቀረበው ሰው ግን የቤተ መንግሥትን ደጅ ሲጠና ያደገ ነበረ። ደጅ ጥናት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ጌታው የተቈጡበትን ቀን ከተደሰቱበት ቀን መለየት፣ የሚነገረውን ከሚታለፈው መምረጥ፣ ቅያሜን በሆድ ይዞ በጥርስ መሣቅ ይማሩበታል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙትና ሰምና ወርቅ ብለው በሰየሙት መጽሐፍ፣ ይህ የተሸፈነ አነጋገር ለቀድሞው ኑሮ ብዙ አገልግሎት እንደ ነበረው፣ ነገር ግን ሁሉ በግልጥ እንዲነገር ለሚሻው ለዘመናዊው ሥራ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። እኛ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን። ሰምና ወርቅ የደካማው ጋሻም ነበረ። በግልጥ ቢናገር የሚቀጣ ሰው በቅኔ መናገሩ ተንኰል ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ሊነቀፍ የሚገባው በግልጥ መናገርን አስፈሪ ያደረገው ነው።

አባቶቻችንም ሌላውን ወገን አልዘነጉትም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ከሚቀርበው ምግብ ይልቅ የአቅራቢው ፊት እንግዳውን እንደሚያጠግበው ለመናገር ነው። ልብ ይባል፤ ይህ ምሳሌ የተነገረው ለባለቤቱ ነው እንጂ ለእንግዳው አይደለም። ፊቱን እንዲያሳምር የታዘዘው የሚሰጠው ሰው ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ግን ትእዛዙ ተገልብጦ፣ ፊቱን እንዲያሳምር የሚገደደው የሚቀበለው፣ ማለት ባለጉዳዩና የበታቹ ሠራተኛ ሆኗል።

ይህን የመሥሪያ ቤት ኑሮ በልብ ወለድ መንገድ ከመረመሩት ጸሐፊዎቻችን መካከል በዓሉ ግርማን የሚያህል የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ምክንያቱም ራሳቸው የመሥሪያ ቤት ሰው ነበሩ። በኢሉባቦር ሱጴ በተባለው ቦታ ተወልደው፣ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በአሜሪካም የጋዜጠኝነት ትምህርት ተከታትለው ከተመለሱ በኋላ፣ በዚያን ዘመን ይታተም የነበረውን መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመን ጋዜጣን በአዘጋጅነት መርተዋል። በመጨረሻም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ሆነዋል። ስለዚህ ስለ ቢሮ ሲጽፉ ከውጭ ሆነው በመስኮት እያዩ አልጻፉም፤ ከወንበሩ ላይ ተቀምጠው የወንበሩን ትኩሳት እየተሰማቸው ጻፉ።

የመጀመሪያው ልብ ወለዳቸው ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ታተመ። ዋናው ባለታሪክ አበራ ወርቁ የተማረ፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መልካም ሥራ ያለው፣ በሰው ዘንድ የሚከበር ወጣት ነው፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ደራሲው ጨካኝ አለቃ አምጥተው ባለታሪኩን ቢያስጨንቁት ኖሮ ድርሰቱ ቀላል በሆነ ነበር። እሳቸው ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር አዩ። አበራን የሚያስጨንቀው ማንም ሌላ ሰው አይደለም፤ የሚፈልገውን በሙሉ ልብ ለመያዝ፣ የማይፈልገውንም በሙሉ ልብ ለመተው አለመቻሉ ነው። ዘመድ የሚመኝለት፣ ወዳጅ የሚመክረው፣ ማዕርግ የሚያስገድደው ኑሮ ሁሉ የራሱን ድምፅ ሸፍኖበታል። ይህ ከአራቱ ክፍሎች የመጀመሪያው፣ ማለት ራስን የማወቅ ጉድለት ነው።

ደራሲው እዚህ ላይ ያገኙት እውነት ለመሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያገለግል ነው። የማይወደውን ሥራ የያዘ ሰው ሥራዬን ጠላሁት ብሎ አይናገርም፤ ባልደረባዬን ጠላሁት ይላል እንጂ። የራሱን ቅሬታ ስሙን ሊጠራው ስላልቻለ በአጠገቡ በተቀመጠው ሰው ስም ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሲሥቅ ያሾፈበት፣ ዝም ሲል የዶለተበት ይመስለዋል። የቢሮ ጠብ ምንጩ ቢፈለግ፣ በወንበር ወይም በአበል ምክንያት ከተነሣው ይልቅ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ያለው ያልታረቀ ጠብ ወደ ውጭ የፈሰሰበት ይበዛል ብለን እናምናለን።

በ1966 ዓ.ም. የህሊና ደወል ታተመ፤ ይኸው ታሪክ በኋላ ሰፋ ብሎ በ1975 ዓ.ም. ሐዲስ በሚል ስም ወጣ። እዚህ ባለታሪኩ ወጣት መምህር ነው፤ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ቦታ ሕዝቡን አስተባብሮ ትምህርት ቤት ለማሠራት ይነሣል፤ ጥቅማቸው የሚነካባቸው ሰዎችም ይነሡበታል። መምህራን አንባቢዎቻችን ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ የራሳቸውን ትግል እንደሚያገኙበት አንጠራጠርም። የሐዲስ ትልቅነት አለመቈጣቱ ላይ አይደለም፤ ቊጣውን ወደ ድንጋይና ወደ እንጨት፣ ማለት ወደ ሕንፃ መለወጡ ላይ ነው። ስሜትን መግዛት ሲባል ስሜትን መግደል የሚመስላቸው ሰዎች ከዚህ ታሪክ ብዙ ሊማሩ ይችላሉ። ቊጣ ያልነካው ሰው ግፍንም አያይም። ይሁን እንጂ በሥነ ጽሑፍ ረገድ ስንመዝነው፣ መምህሩ አንዳንድ ጊዜ ሰውነቱ ደብዝዞ ዓርአያነቱ ብቻ ይታያል፤ እንደ አበራ ወርቁ በውስጡ የሚዋጋው ነገር አነስተኛ ስለ ሆነ ከምናዝንለት ይልቅ የምናደንቀው ሰው ይሆንብናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኦሮማይ ነው። መጽሐፉ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተደረገውን የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ መሠረት አድርጎ የተጻፈ ነው፤ ደራሲውም በዘመቻው ውስጥ በማስታወቂያ ሥራ ተሰልፈው ነበር። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ከተውጣጡ ሹማምንት ጋር ወደ አስመራ ይሄዳል። የመጽሐፉ ስም በአስመራ ሰው አፍ የሚዘወተር፣ ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ነገሩ አለቀለት፣ አበቃለት እንደ ማለት ነው።

ብዙ አንባቢ ኦሮማይን እንደ ጦርነትና እንደ ፍቅር ታሪክ አድርጎ ያነብበዋል፤ ይህም ስሕተት አይደለም። እኛ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ታሪክም እንዲነበብ እንሻለን። ዘመቻው ሲገፈፍ የሚቀረው ስብሰባ፣ ዕቅድ፣ መግለጫና የቢሮ ፉክክር ነውና። ፀጋዬ የሰውን ልብ የማንበብ ተሰጥኦ አለው፤ ማን ከልቡ እንደሚናገር፣ ማን ለበላይ ጆሮ እንደሚናገር ይለያል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ማስተዋል ለራሱ አልበጀውም። በአዲስ አበባ ለሮማን ኅሩይ የገባው ቃል አለ፤ በአስመራ ፊያሜታ ጊላይ ልቡን ትወስደዋለች። በፍቅሩ ለሁለት እንደ ተከፈለ፣ በሥራውም የሚያየው አንድ፣ የሚጽፈው ሌላ በመሆኑ ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው። ደራሲው የፍቅሩን ታሪክ በከንቱ አልጨመሩትም፤ የቢሮውና የልቡ መከፈል አንድ በሽታ መሆኑን አሳዩበት። ሌላውን ማንበብ የሚችል፣ ራሱን ግን የማይገዛ ሰው ምን ያህል አዋቂ ቢሆን ከጥፋት እንደማይድን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መጽሐፍ በአማርኛ አላነበብንም።

ደራሲውን ስናመሰግን ጉድለታቸውንም መናገር የሐያሲ ግዴታ ነው። በእነዚህ ድርሰቶች ውስጥ ሴቶች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት በፍቅር በር ነው፤ በሥራ በር የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው። ከዚህም በላይ ዓይናቸው ባመዛኙ ያረፈው በተማረው ሹም ላይ ነው፤ ከበሩ ውጭ የተቀመጠችው ጸሐፊ፣ ተላላኪው፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የየራሳቸው ልብ ያላቸው ሆነው ሲታዩ አናገኝም። ይህን ክፍተት ለመረዳት በ1842 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሩሲያዊውን የኒኮላይ ጎጎልን ካፖርት የተባለውን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። የዚያ ታሪክ ባለቤት ደብዳቤ ከመገልበጥ ሌላ ሥራ የሌለው ምስኪን ጸሐፊ ነው፤ ስሙም አካኪ ይባላል፤ ከእኛ አቃቂ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ቢሆንም ለአካባቢያችን አንባቢ ፈገግታን ያመጣል። አካኪ በስንት ችግር ያሠራው ካፖርት ተሰርቆበት ለአንድ ትልቅ ሹም አቤት ሊል ይሄዳል። ሹሙም ይጮኽበታል። የጮኸበት ምክንያት ግን ምስኪኑ ስላጠፋ አልነበረም፤ ብዙ ዘመን ተለይቶት የቈየ ወዳጁ በዚያ ተቀምጦ ስለ ነበረ ሥልጣኑን ሊያሳየው ፈልጎ ነው። ጸሐፊው ደንግጦ ታመመና ሞተ።

ጎጎል ይህን ሹም ክፉ ሰው አላደረገውም፤ በልቡ ደግ የሆነ፣ ማዕርጉ ግን ያደናገረው ሰው አድርጎ ሣለው። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። አንድ አለቃ ለአንዲት ደቂቃ የራሱን ስሜት መርምሮ «ይህን ሰው የምቈጣው ስለ ምንድር ነው?» ቢል ኖሮ አንድ ነፍስ ትተርፍ ነበር። የበታቹ ስሜቱን ባይገዛ የሚጐዳው በአብዛኛው ራሱን ነው፤ የበላዩ ባይገዛ ግን የሚጐዱት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ የስሜት ብልኅነት ዕዳ በወንበሩ ከፍታ መጠን ይጨምራል።

ወደ በዓሉ ግርማ እንመለስ። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም ከሥራቸው ተወገዱ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። መኪናቸው በደብረ ዘይት መንገድ በቃሊቲ በኩል ቆማ ተገኘች፤ እሳቸው ግን ደብዛቸው ጠፋ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው ሠራተኛ ወደ ከተማ ሲጓዝ የሚያቋርጠው ያንኑ አካባቢ ነው። መጽሐፉ ግን አልጠፋም፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በየጊዜው ታትሞ ተነበበ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ለውጭ አገር አንባቢ ቀረበ።

ይህን ያነሣነው ቁስል ለመቀስቀስ ብለን አይደለም። የስሜት ብልኅነትን የሚያስተምሩ ሰዎች አብዝተው የሚዘነጉትን ነገር ስለሚያስገነዝበን ነው። በዓሉ ግርማ የሰውን ስሜት የማያውቁ፣ የቢሮን ጠባይ ያልተረዱ ሰው አልነበሩም፤ ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር። ያጡት ብልኅነትን ሳይሆን ሕግን ነው። እውነት የተናገረ ሠራተኛ የሚጠበቅበት ሥርዓት በሌለበት ስፍራ፣ ሠራተኛውን «ስሜትህን ግዛ» ብሎ መምከር «ዝም በል» ማለት ነው። ምክሩ ወደ ታች ብቻ ሲወርድ የስሜት ብልኅነት የፍርሃት ሌላ ስሙ ይሆናል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግምገማ የተባለው ልማድ ከትግል ሜዳ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ የበታቹ የበላዩን ፊት ለፊት እንዲወቅስ በር ከፍቶ ነበር። ከዚያም መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥና የውጤት ተኮር ሥርዓት ተከታተሉ። እያንዳንዱን መመርመር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ነገር ግን ግምገማን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚመሰክረው አንድ ነገር አለ፤ በስብሰባው ላይ እጁን ያወጣው ሰው እውነትን ይናገር ወይም ቂሙን ይወጣ እንደ ሆነ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነበረ። ራሱን ያልመረመረ ሰው ሌላውን ሲመረምር ሚዛኑ ይዛባል። እንግዲህ ሕግ ያለ ራስ ምርመራ በቀል ይሆናል፤ ራስ ምርመራም ያለ ሕግ ዝምታ ይሆናል። ሁለቱ አንዱ ለአንዱ ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። ሹም የሆነ ሰው ይህን ትምህርት ለሠራተኞቹ ከማዘዙ በፊት በራሱ ይጀምር፤ ጸሐፊው «ዛሬ እንዴት ናቸው?» ተብላ የምትጠየቅበት ቢሮ ሥራው በሰው ፊት እንጂ በሥርዓት የማይሄድ ቢሮ መሆኑን ይወቅ። መምህር የሆነ ሰው ከአድማስ ባሻገርንና ኦሮማይን ለተማሪዎቹ ሲያነብላቸው ስለ ቋንቋቸው ውበት ብቻ አይንገራቸው፤ አበራ ወርቁ ራሱን ያላወቀበትን፣ ፀጋዬም ያየውንና የጻፈውን አንድ ለማድረግ ያልቻለበትን ምክንያት ይጠይቃቸው። ተማሪውም ነገ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ የአለቃውን ፊት ማንበብን ያለ አስተማሪ ይማረዋልና፣ ለዚያ አይጨነቅ፤ የባለጉዳዩን ፊትና የራሱን ልብ ማንበብን አስቀድሞ ይልመድ።

ለወጣት ደራስያን ደግሞ አንድ ቃል አለን። በዓሉ ግርማ የሹሙን ክፍል ጽፈውልን ሄዱ፤ ከበሩ ውጭ ያለው ክፍል ገና ብዙ ሳይጻፍ ይገኛል። በቱሉ ዲምቱ ማለዳ አውቶቡስ የምትጠብቀዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ደረጃ የቈየው ጸሐፊ፣ ዶሴው ጠፋ ተብሎ ሦስት ጊዜ የተመለሰው ባለጉዳይ፣ እነዚህ ሁሉ ባለታሪክ ለመሆን የሚያንሳቸው የለም። የሚጽፋቸው ሰው ከተገኘ ከሥልጠና ሁሉ የበለጠ ያስተምራል፤ ወደ ታች ማንበብን የሚያለማምድ ከልብ ወለድ የተሻለ መሣሪያ አናውቅምና።